የጅብ ዋስ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ ሞልቶ ለሁለት በሚከፍለው አንድ ቆላ አገር፣ ሥጋ በሉም ሣር በሉም በአንድ ሕግ ሥር ይኖሩ ነበር። ሕጋቸው ብዙ አልነበረም። ከሁሉ የሚከበረው ግን የቃል ድንጋይ የሚባለው ነበር። ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር የተጋደመ ዝርግ ድንጋይ ነው። ቃል አለኝ የሚል እዚያ ላይ ይወጣል፤ ተናግሮ እስኪወርድ ድረስ ማንም አይነካውም፣ ማንም አያቋርጠውም።

ታዲያ እንዲሁ ዘሎ መውጣት የለም፤ ዋስ ያስፈልጋል። የዚያ አገር ልማድ ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ዋሱ የተናጋሪው ወንድም፣ አማች ወይም የማዕድ ጓደኛ መሆን አይችልም። ዋስ ሆኖ የሚጠራው ቃሉ ከሁሉ አብልጦ የሚያመው ነው። አንበሳ ሊናገር ሲል ሚዳቋ ትቆምለታለች፤ ጭልፊት ሊናገር ሲል ቆቅ ትቆምለታለች። ዋሱ ከድንጋዩ አጠገብ ይቆማል፤ ተናጋሪውን የነካ ዋሱን እንደነካ ይቆጠርበታል። ተናጋሪው ጨርሶ ሲወርድ ደግሞ የመጀመሪያው መልስ የዋሱ ነው፤ ያን ጊዜ በሆዱ ያለውን ሁሉ ያወርድበታል።

«የወዳጅን አፍ ማስከበር ምን ሙያ አለው?» ትል ነበር የድንጋዩ ጠባቂ እማማ ኤሊ። «እሱንማ ጉንዳንም ያደርገዋል።» እማማ ኤሊን ከሾላው ጋር እኩያ ናት ይሏታል፤ እሷ ግን ሾላው በዕድሜ ይበልጠኛል ብላ ትሟገታለች።

በዚያ አገር እሜት አህያ የምትባል ነበረች። የዚህ ተረት ኀዘን የእሷ ነው። ባለፈው ክረምት የበኩር ልጇን ቡሎን አያ ጅቦ በላባት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እንደሚባለው፣ ባሏ ያን ዕለት ዳገት ላይ ቆሞ ከማናፋት በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም፤ ኋላም አፍሮ አገር ጥሎ ጠፋ። በልቅሶው ላይ ከሁሉ ይልቅ ያነባው ጎረቤቷ ቀበሮ ነበር። መሬት ላይ እየተንከባለለ ስላለቀሰ፣ ያየው ሁሉ «ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው» አለ። እሜት አህያ ከዚያ ወዲያ የጅቡን ስም በአፏ አልጠራችም፤ «ያ አፍ» ነበር የምትለው። ጩኸቱን ከሩቅ ስትሰማ ቆዳዋ ይንቀጠቀጣል፣ የያዘችው ሣር ከአፏ ይወድቃል።

ዓመቱ ሲዞር ሴት ልጅ ወለደች። ሆዷ ክብ፣ አፍንጫዋ ነጭ፣ ባየችው ቁጥቋጦ ሁሉ ካልተጋጨች ቁጥቋጦ መሆኑን የማታምን ውርንጭላ ነበረች። ስሟን ድንቡሼ አለቻት። እናቲቱ ቀን ቀን ከጎኗ አታርቃትም፤ ስትተኛም አንድ ጆሮዋን ልጇ ላይ ጥላ ነው የምትተኛው። ይህችን ልጅ ማሳደግ ነበር የቀራት ነገር ሁሉ።

ወንዙ ከመሙላቱ በፊት እንደ ወጉ ሁሉም ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። አያ አንበሶ ከጥላው መሐል ተጋድሞ ያንቀላፋል። ጦጣ ስለ ፍሬ ተናገረች፣ ከርከሮ ስለ ጭቃ ተናገረ። ነገሩ ሁሉ ሊያልቅ ሲል መጀመሪያ አንድ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ አያ ጅቦ መጣ።

«አቤት! አቤት በሉኝ!» አለ ገና ሳይደርስ። «ቃል አለኝ! በደል ደርሶብኛል!»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁ ወደ ቁጣ ሲለወጥ ጊዜ አልፈጀም።

«አንተ ነህ የተበደልከው?» አለ ከርከሮ።

«አዎ እኔ! ጅብስ ቢሆን አይበደልም እንዴ? ድንጋዩ ላይ አውጡኝና ልዘርዝረው። ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው፤ ያንን የአህያ ውርንጭላ የበላን ጊዜ…»

«ሰማችሁ!» ብሎ ዘሎ ተነሣ ቀበሮ። «ሰማችሁ ወይ! የቡሎን ነገር እናቱ ፊት ሊያነሣ ነው! ኧረ ስለ ፈጣሪ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የጅቡ አፍ ማምለጥ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ቀበሮ በጩኸቱ ስለሸፈነው «የበላሁ» ሳይል «የበላን ጊዜ» ማለቱን ማንም ልብ አላለም። እሜት አህያማ ከልጇ ስም በኋላ የተባለ ነገር ጆሮዋ አልገባም።

እማማ ኤሊ አንገቷን አወጣች። «ቀበሮ፣ ተቀመጥ። ጅብም ቢሆን ወጉን አግኝቶ ይናገራል። ለአያ ጅቦ ቃል ዋስ ማነው? ቃሉ ከሁሉ የሚያመው ማነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ። እሜት አህያ ድንቡሼን ከሆዷ ሥር አስጠግታ ቆማለች። ቡሎን አሰበች፤ የመጨረሻዋን ቀን፣ የተረፈውን ሰኮና አሰበች። ያ አፍ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሲናገር ከጎኑ ቆሞ ማስከበር! ቀበሮ ተሽሎክልኮ ከጆሮዋ ሥር መጣ።

«እሜትዬ፣ ምን እንደሚል እኔ ልንገርሽ» አላት በለሆሳስ። «ሥጋው እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ሊያወራ ነው። የልጅሽን ደም ለጠጣ አፍ ዋስ ልትሆኚ ነው? የእናት ወግ ነው ይሄ? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ የእሱም ዝምታ አይነቅዝም። ዝም ይበል።»

«ዋስ አልሆነውም!» ብላ አናፋች እሜት አህያ፤ ድምፁን ገደሉ አስተጋባው። «ድንጋዩ ላይም አይውጣ! በሜዳም በጫካም ድምፁን መስማት አልፈልግም! ይዘጋልኝ ያ አፍ!»

ጉባኤው ጮኸላት። እናንተም እዚያ ብትኖሩ ትጮኹላት ነበር። ልጇን የበላባት ጠላት ተበደልኩ ሲል እየሰማ ልቡ የማይሸፍት ማን አለ?

እማማ ኤሊ ግን ጩኸቱ እስኪበርድ ጠብቃ «ልጄ» አለቻት። «እኔም ጅብን አልወደውም። ነገር ግን ይህ ድንጋይ ለሚወደድ ቃል አልተጋደመም። የሚወደድ ቃልማ ሜዳ ላይም ያደምጡታል፤ ዋስም አይጠየቅበትም። ዛሬ ዋስ ከከለከልሽው የሚናገረውን ሳታውቂ ትቀሪያለሽ።»

«ማወቅ አልፈልግም! እርስዎ ልጅ አልተበላብዎትም!»

እማማ ኤሊ ወንዝ ዳር አሸዋ ውስጥ የቀበረቻቸው እንቁላሎች ነበሯት፤ ያው ጅብ ቆፍሮ እንዳወጣቸውም ታውቃለች። ይህንን ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችውና አንገቷን ወደ ውስጥ ሰበሰበች።

አያ አንበሶ አዛጋ። «የዚህ ጅብ ጩኸት እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል» አለ። «ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ ጅብ አፉን የሚከፍተው ለመብላት ብቻ ነው። ቢጮህም፣ ቢናገርም፣ በዚህ መዳፌ አደቅቀዋለሁ። በቃ፣ ተበተኑ።»

አያ ጅቦ ጭራውን ቆልፎ፣ አንዴ ድንጋዩን አንዴ ቀበሮን እያየ ሄደ። ሊናገር ሲል መዳፉ ትዝ እያለው አፉን ይገጥማል። እሜት አህያን ዘመዶቿ ሁሉ እየላሱ አመሰገኗት፤ አክስቷም «ዛሬ የቡሎን ደም መለስሽ!» አለቻት። ያን ዕለት ቡሎ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ጥላ ተኛች።

ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሞላ፣ ጉሙ ከገደሉ ወርዶ ሜዳውን ሸፈነው። በዚያ አገር ጉም ሲወርድ እናት ልጇን በጆሮ እንጂ በዓይን አታውቃትም።

እዚህ ላይ ስለ አያ ጅቦ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጅብ ሞኝ ነው። ሲርበው ይጮኻል፣ ለአደን ሲወጣ ይጮኻል፣ መንገድ ላይ ሆኖም መጣሁ ብሎ ይጮኻል። በፊት በፊት፣ ጉም በሆነ ቀን እናቶች ይህንን ጩኸት እየተራገሙ ይሰሙት ነበር። ከታች ሲጮህ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከላይ ሲጮህ ወደ ታች ይወርዳሉ። ስለለመዱት ጥቅም ነው ብሎ ያሰበው አልነበረም። ዘንድሮ ግን አገሩ ጸጥ አለ። «እንዴት ያለ ሰላም ነው!» ይባባሉ ነበር። ሚዳቋ ግልገሏ ስትጠፋባት ወንዝ ወሰዳት ብላ አለቀሰች፤ ከርከሮ ልጁ ሲጠፋበት ገደል ገባ ብሎ አዘነ። ጅብማ የለም፤ ቢኖር ይሰማ ነበር።

አንድ ጉም የከበደበት ጧት ቀበሮ ወደ እሜት አህያ ዘንድ ብቅ አለ።

«እንዴት አደርሽ እሜትዬ? ድንቡሼስ ደህና አደረች?»

«ደህና ናት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ አፈሩን መላስ አምሮኛል፤ ጨው ያለበት አፈር ደግሞ ወንዙ ዳር ነው። ድጡ ላይ እሷን ይዤ መውረድ ፈራሁ።»

«ታዲያ የት ልትተያት አስበሻል?»

«ከገደሉ ሥር፣ ከቀጋው ውስጥ። እሾሁ ይከልላታል ብዬ ነው።»

«ጎሽ! እናት ብልህ ናት!» አለ ቀበሮ። «እኔም እዚያው አካባቢ ነኝ። ዓይኔን እጥልባታለሁ።»

ባለፈው ዓመትም ቡሎን አጋሙ ውስጥ ስትደብቅ እንዲሁ ብሏት ነበር። እሜት አህያ ግን መልካም ጎረቤት ስለሰጣት ፈጣሪን አመሰገነችና ወረደች። ወንዙ ዳር ሆና አፈሩን እየላሰች ጆሮዋን አቀናች። ከታችም ከላይም ምንም የለም። «ያ አፍ አገር ለቆ ሄዷል» ብላ አሰበች፤ ቀስ ብላም ላሰች። ያቺን ቀስ ማለቷን ዕድሜዋን ሙሉ ስትረግማት ኖረች።

ስትመለስ ቀጋው ደጃፍ ሆና «ድንቡሼ!» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቀጭን ድምፅ ትመልስላታለች፤ ከዚያ እየሮጠች መጥታ ትጋጫታለች። «ድንቡሼ!» አለች ደግማ። ጉሙን እየገፋች ገባች።

አያ ጅቦ እዚያ ተጋድሞ ከንፈሩን ይልሳል። ከአጠገቡ የቀረውን እኔ አልነግራችሁም።

«እሽሽ!» አላት ጅቡ በሹክሹክታ። «እንዳትጮኺብኝ። እኔ ሕግ አልጣስኩም። ዝም ብዬ ነው የበላኋት።»

እሜት አህያ ልትጮህ ፈለገች፣ ድምፅ አጣች። ልትራገጥ ፈለገች፣ እግሯ አልታዘዝ አላት። ጅቡም ዝም ማለቷ ማድመጥ መሰለውና ልቡ ተከፈተለት።

«ደግሞ ከዚህ ሁሉ ምን ደረሰኝ መሰለሽ?» አለ እያንሾካሾከ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ጉበቱን ቀበሮ ይዞት ሄደ! ያለችበትን የነገርኩህ እኔ ነኝ፣ ጉበቱ የእኔ ነው አለኝ። ያኔም የቡሎን ጉበት እንዲሁ ወሰደብኝ። ውላችን እኩል ነበር እኮ! ይህንን በደል ነበር ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ላመለክት የነበረው። ዋስ ከለከልሽኝ እንጂ።»

ቅር የተሰኘ ፊት አሳያት። ይቅርታ የምትለው መስሎት ትንሽ ጠበቀ፤ ሲያጣ ተነሥቶ ሄደ።

እሜት አህያ ቀጋው ውስጥ ቆማ ቀረች። ጅቡ ያን ቀን ሊናገር የነበረው ይህንን ነበር። ከሾላው ሥር ቆማ ብትሰማው ኖሮ ቀበሮ የድንቡሼን መደበቂያ ባልጠየቃት፣ እሷም ባልነገረችው። ያንን አፍ ያስዘጋችው እሷ ናት። ይህ ሲገባት ያለቀሰችው ልቅሶ ከመጀመሪያው ልቅሶዋ ይበልጥ ነበር፤ ያኔ የምትረግመው ሌላ ነበር፣ አሁን ግን ራሷም ተጨመረችበት።

ጉሙ ሲገፈፍ ወደ አያ አንበሶ ወጣች። ጉባኤው ተጠራ። ከሾላው ሥር ሁሉም ከበባት፤ ቀበሮም ከፊት ሆኖ ደረቱን እየደቃ ያነባል።

«ልጄን የበላት ጅብ ነው» አለች እሜት አህያ። «ያለችበትን የነገረው ግን ቀበሮ ነው። የቡሎንም እሱ ነው።»

ቀበሮ እንባውን አቋረጠ። «ኀዘን ያናግራል፤ አልቀየምሽም» አለ። «ግን ማን አየ? ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ጅቡ።»

«ጅቡ? አፉን እንዳይከፍት የተፈረደበት ጅብ?» ቀበሮ ወደ አንበሳው ዞረ። «ሰሙልኝ አያ አንበሶ? ጅብ ሕግ ጥሶ ተናግሯል! ልጇንም በልቷል። ይገደል! አሁኑኑ ይገደል! የዚችን እናት እንባ አብሱላት!»

«ይገደል!» አለ ጉባኤው። ከርከሮ ጅቡን እየገፋ አመጣው። አያ ጅቦ አፉን በሁለት የፊት እግሮቹ ይዞ ቆመ፤ ቢናገር መዳፍ አለ፣ ባይናገርም መዳፍ አለ። አያ አንበሶ ተነሥቶ መዳፉን አነሣ።

እሜት አህያ ያንን መዳፍ አየችው። ሲወርድ ልታይ ተመኘች። ከቡሎ ሞት ጀምሮ የተመኘችው ይሄው ነበር፤ ሰውነቷ ሁሉ «ይውረድ» አላት። ወዲያው ደግሞ የቀበሮ ዓይን ታያት። እንባ የለበትም፤ መዳፉን ከእሷ ይልቅ እየጓጓ ይጠብቀው ነበር።

«ይቆዩኝ አያ አንበሶ!» ብላ ከመሐል ገባች። «ይናገር። ድንጋዩ ላይ ይውጣ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

አያ አንበሶ መዳፉን መለሰ። አክስቷ ቀርባ ፊቷን አየቻት።

«አብደሻል እንዴ?» አለቻት። «የልጆችሽ መቃብር እኮ የእሱ ሆድ ነው! ለዚያ ሆድ ዋስ ትሆኛለሽ?»

«ለሆዱ አይደለም አክስቴ። ለአፉ ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ወገን አይደለሽም» አለች አክስቷ። ዘመዶቿም አንድ በአንድ ጀርባቸውን አዞሩባት።

እማማ ኤሊ በዝግታ መጥታ ከፊቷ ቆመች። ወጉ የሚያዘውን ጠየቀቻት።

«ቃሉ ያምሻል?»

«ያመኛል።»

«ታስጨርሺዋለሽ?»

እሜት አህያ ድንጋዩን አየች። «አስጨርሰዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

አያ ጅቦ ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ደስታው ለጉድ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ታፍኖ የኖረ አፍ ሲከፈት ልጓም የለውም። ሞኝ በመሆኑም ከበደሉ አልጀመረም፤ ከሥጋው ጀመረ። የድንቡሼ ሥጋ እንዴት ወተት ወተት ይል እንደነበር ተናገረ። አጥንቷ እንዴት ለጥርስ እንደሚመች፣ ከቡሎ ጋር አስተያይቶ ተናገረ። አህያ የተፈጠረው ለጅብ ነው፣ ይህንን የሚክድ ካለ ይውጣ አለ። እሜት አህያ ከጎኑ ቆማ፣ ጆሮዎቿን ሳትከድን ሰማችው። እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል።

«አስወርዱት!» አለ ቀበሮ። «እናት ፊት ይህ ይባላል? አስወርዱት!»

አክስቷ አላስቻላትም። ዞራ በኋላ እግሯ ጅቡን ልትመታ ስትሰነዝር፣ እሜት አህያ መሐል ገብታ ጎኗን ሰጠች። ምቱ የጎድን አጥንቷ ላይ አረፈ። ተንገዳገደች እንጂ አልወደቀችም።

«ይጨርስ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አያ ጅቦ፣ ቀጥል።»

«አዎ፣ በደሌን ረስቼው!» አለ ጅቡ። «ጉበቴ! ከበላሁት ሁሉ ጉበቱን ቀበሮ ነው የሚወስደው። ውርንጭላዋ ቀጋው ውስጥ ናት፣ እናቷ ወንዝ ወርዳለች ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ሄድኩ፣ በላሁ። ጉበቱስ? የለም! የሚዳቋዋን ግልገል ከዋርካው ሥር አሳየኝ፤ ጉበቱስ? የለም! የከርከሮን ልጅ ከአለቱ ጥግ አሳየኝ፤ እንዲሁ! ለፍቼ ለሌላ! ይህ ፍትሕ ነው? እናንተው ፍረዱ!»

ሚዳቋ ግልገሏን ከዋርካው ሥር እንደተወች የነገረችው ለማን እንደነበር ትዝ አላት። ከርከሮም አለቱን ያሳየው ማንን እንደነበር ትዝ አለው። ወንዝ የወሰደው አልነበረም፤ ገደል የገባም አልነበረም። ሁሉም ዞሮ ቀበሮን አየው። ቀበሮ «ውሸት ነው! ጅብን ማን ያምናል?» እያለ ወደ ኋላ አንድ ሁለት ሲል፣ እናቶች መንገዱን ዘጉበት። የሆነውን መዘርዘር ለልጆች ጆሮ አይበጅም። በዚያ አገር ከዚያ ቀን ወዲህ ቀበሮ አልታየም።

አያ ጅቦ ድንጋዩ ላይ እንደቆመ «ታዲያ ጉበቴስ?» አለ። ከዚያም ወረደ።

«የመጀመሪያው መልስ የአንቺ ነው» አለቻት እማማ ኤሊ።

እሜት አህያ ጅቡን ፊት ለፊት አየችው። «ለተናገረው አልጠይቀውም» አለች። «ቃሉን ጨርሷል፤ ዋስ ነበርኩ፣ ዋስነቴን ተወጥቻለሁ። አሁን የምጠይቀው ለጥርሱ ነው። ልጆቼን በልቷል።»

አያ አንበሶ ያን ቀን አላንቀላፋም። ጅቡ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ እንዲኖር፣ ወዲህ ቢሻገር እንዲሞት ፈረደበት። ከዚያ ወደ እሜት አህያ ዞሮ «ድምፁስ?» አላት። «ማዶ ሆኖም ይጮኻል። እንዲዘጋ ልዘዝልሽ?»

«አይሆንም!» አለች ፈጥና። «ይጩህ አያ አንበሶ። እባክዎ ይጩህ።»

ዘመዶቿ ኋላ መጥተው ይቅርታ ጠየቋት፤ አክስቷም የመታችውን ጎኗን ላሰችላት። እሜት አህያ አልተቀየመቻቸውም። ብቻ ከእነሱ ጋር ሜዳው ላይ መዋል አልሆነላትም፤ ወርዳ ወንዙ ዳር ተቀመጠች። ወንዙ በጎደለ ቁጥር ጅብ ሊሻገር ይችላልና፣ በጉም ቀን ድምፁን ከሁሉ ቀድማ የምትሰማው እሷ ሆነች። እያንዳንዱ ጩኸት ቡሎንና ድንቡሼን ያስታውሳታል። ቆዳዋ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ግን ጆሮዋን ወደዚያው ታቀናለች።

«እሜት አህያ!» ይሏታል እናቶች ከጉሙ ውስጥ። «ዛሬ በየት በኩል ነው?»

«ከታች በኩል ነው! ልጆቻችሁን ወደ ላይ ውሰዱ!»

ያን ጊዜ እናቶቹ ልጆቻቸውን በየስማቸው ይጠራሉ። ከየጥሻው ቀጫጭን ድምፆች ይመልሳሉ፣ የትንንሽ እግሮች ሩጫ ይሰማል። እሜት አህያም አንዳንዴ ከአፏ ያመልጣትና «ድንቡሼ!» ትላለች። ከዚያ ሁሉም ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ ታዳምጣለች።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንጠላውን ሰው አፍ ስንለጉም ድምፁን እንጂ ጥርሱን እንደማናጠፋ፣ ቃሉ ለሚያመን ሰው ዋስ ስንቆምም የምንጠብቀው የራሳችንን ጆሮ መሆኑን ነው።